ስለ ሻገተ ድርቆሽ፥ ስለ አይጥ መርዝና ስለ ልብ መድኀኒት

ክረምት ሳይወጣ የታጨደ ሣር ፀሐይ ሳያገኝ ቢከመር ከውስጡ ይሞቃል፥ ቀጥሎም ይሻግታል። ይህን የማያውቅ ባላገር የለም፤ ጉዳቱ ግን ከብት እምቢ ያለው ጥቂት ሸክም መኖ ብቻ መስሎ ስለሚታይ ከሹም ዘንድ ደርሶ የሚሰማ ነገር አይደለም። ሆኖም ዛሬ መቶ ዓመት ያህል ይሆናል፥ በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ላይ የሻገተ ድርቆሽ ብዙ ከብት ፈጀ፤ የእልቂቱም ምክንያት በሊቃውንት ሲመረመር አንድ ነገር ተገኘ። ይህ ነገርና ከእርሱ የተወለዱት ወገኖቹ ዛሬ በጎተራ የአይጥ መርዝ ናቸው፤ በሐኪም ቤት ልባቸው ለታመመ ሰዎች መድኀኒት ናቸው፤ በዱርም አይጥ በሚበሉ አዕዋፍና አራዊት ጉበት ውስጥ ይገኛሉ። በሦስቱም ቦታ ሥራቸው አንድ ነው፥ ደም እንዳይረጋ ማድረግ ነው። የአይጥ መርዝ በወረዳው እንዲታደል የሚፈቅድ ሹም፥ ለጎተራውም የሚገዛ ባለእርሻ፥ በእጁ የያዘው ምን እንደ ሆነ አውቆ ያዝዝ ዘንድ የነገሩ ታሪክ ከመሠረቱ ቀጥሎ ይነገራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ሜሊሎት ከሚባል የመኖ ተክል ነው። እንግሊዞች «ስዊት ክሎቨር» ይሉታል፥ ጣፋጭ ማገጥ ማለት ነው። ከባቄላና ከአተር ነገድ ሆኖ ይልቁንም ለአብሽ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ እንደ አብሽ ቅጠል ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፥ አበባው ነጭ ወይም ብጫ ነው፥ ንብም እጅግ ይወደዋል። የትውልድ አገሩ አውሮፓና እስያ ሲሆን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የካናዳና የአሜሪካ ገበሬዎች ሌላ መኖ በማይበጅበት በደከመ መሬት ላይ ዘሩት። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅንና ብርድን ይችላል፤ በሥሩም ላይ ባሉት ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ የደከመውን አፈር ያበረቱታል። እንዲህ ያለ ተክል ሲገኝ ገበሬ ቢቸኩልበት የሚያስወቅሰው አይደለም።

ሜሊሎት ሲታጨድ ደስ የሚል ሽታ አለው። ሽታው የሚመጣው ኩማሪን ከሚባል ነገር ነው፤ የብዙ ዓይነት ድርቆሽ መዓዛ ከዚሁ የተነሣ ነው። ሽታው ይጣፍጥ እንጂ ጣዕሙ መራራ ስለ ሆነ ከብት ሳይለምደው ወዲያው አይበላውም። ኩማሪን በራሱ ደምን አያቀጥንም። ነገር ግን ድርቆሹ እርጥብ ሳለ ተከምሮ ሲሻግት ሻጋታው ኩማሪኑን ይለውጠዋል፥ ሁለት ሁለቱንም ቅንጣት በአንድ የካርቦን ድልድይ ያጋጥማቸዋል፤ ያን ጊዜ የተወለደው ነገር መርዝ ይሆናል። ጓያ አብዝቶ የበላውን ሰው እግር የሚያሰናክለው በገዛ ጠባዩ ነው፤ ሜሊሎት ግን እንዲህ አይደለም፥ ጥፋቱ የሚመጣው ከአከማመሩ ነው።

በሽታው የተነሣው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጤነኛ የነበረ ከብት ሳይታሰብ ይወድቅ ጀመር። ቀንዱ የተቈረጠ ከብት፥ የተኮላሸም ወይፈን ከቍስሉ የሚወጣው ደም አልቋረጥ ብሎት ይሞታል፤ ያልቈሰለውም በቈዳው ሥር ደም ቋጥሮ እያበጠ፥ ወይም ደሙ በውስጡ ፈሶ ሞቶ ይገኛል። የእንስሳት ሐኪሞች መጀመሪያ ጎርርሳ ነው፥ አባ ጎርባ ነው አሉ፤ ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበርና። ዳሩ ግን ከታመመው ወደ ጤነኛው ሲተላለፍ አልታየም።

ምክንያቱን ያገኘው በካናዳ በኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ፍራንክ ስኮፊልድ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ ከ1916 እስከ 1920 በኮርያ የወንጌል መልእክተኞች ባቋቋሙት የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር ነበረ፤ በ1919 የኮርያ ሕዝብ ነጻነቱን ሲጠይቅ የደረሰበትን ግፍ በፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም ስላሳየ፥ በ1970 ሲሞት ኮርያውያን በብሔራዊ መቃብራቸው በክብር ቀበሩት። ለከብት ያደረገው ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙ አይነገርለትም። ስኮፊልድ ከአንድ ክምር ውስጥ ደኅናውን ዘንግና የተበላሸውን ዘንግ ለይቶ ለየብቻቸው ለታሰሩ ጥንቸሎች አበላ። ደኅናውን የበሉት ምንም አልሆኑም፤ የተበላሸውን የበሉት ደም ፈሷቸው ሞቱ። በዚህ ቀላል ፈተና የእልቂቱ ምክንያት ተላላፊ በሽታ አለመሆኑ ታወቀ። ስኮፊልድም መኖው ወዲያው እንዲቋረጥ፥ ለታመመው ከብት ከጤነኛ ከብት ደም እንዲሰጠው መከረ። ጥቂት ዓመት ቈይቶ በሰሜን ዳኮታ የነበረ ሊ ሮደሪክ የሚባል መርማሪ በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥ ፕሮትሮምቢን የሚባለው ደም የሚያረጋ ነገር መጕደሉን አስረዳ።

ምክሩ ለመናገር ቀላል ነበረ፥ ለመፈጸም ግን አልቀለለም። የ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የገንዘብ እጦት ዘመን ነበሩ፤ ሌላ መኖ ለመግዛት ያልቻለውን ገበሬ የሻገተውን ክምር ጣል ማለት ከብትህን በረኃብ ፍጅ ማለት ነበረ። ማናቸውም ትእዛዝ ከጽሕፈት ቤት ሲወጣ ገበሬው በምትኩ ምን እንደሚያበላ አብሮ ካልታሰበበት እንዲሁ በወረቀት ላይ ይቀራል።

በየካቲት ወር 1933 በዊስኮንሲን ግዛት ዲር ፓርክ ከሚባለው ቀበሌ አንድ ገበሬ በበረዶ ማዕበል ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና ነድቶ ወደ ማዲሰን ከተማ መጣ። የጫነውም አንዲት የሞተች ጊደር፥ በወተት ማመላለሻ ጣሳ የተሞላ ያልረጋ ደም፥ 45 ኪሎ ያህልም የሻገተ የሜሊሎት ድርቆሽ ነበረ። ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ የእንስሳት ሐኪሙ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ አገኘው፤ ሌላ ክፍት በር ሲፈልግም በዩኒቨርሲቲው ወደ ካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ሊንክ ዕድሜው 32 ዓመት የሆነ የኬሚስትሪ መምህር ነበረ፤ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የዘር ሊቃውንት ኩማሪን ያነሰበት ሜሊሎት ለማውጣት እንዲረዳቸው ጠይቀውት ስለ ነበረ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልሆነበትም። ለገበሬው ሊሰጠው የቻለው መልስ ግን ስኮፊልድ ከተናገረው አላለፈም፤ ድርቆሹን ተው፥ ከተቻለህም ለታመሙት ደም ስጣቸው አለው። ገበሬው በመጣበት በረዶ ተመልሶ ሄደ። የደሙ ጣሳ ከቤተ ሙከራው ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊንክና ተማሪዎቹ ስድስት ዓመት ደከሙ። በድርቆሹ ውስጥ ያለው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከብዙ ሸክም መኖ ውስጥ እየነጠሩ ማውጣት ያስፈልግ ነበረ፤ የተለየውም ክፍል መርዙን መያዙ የሚታወቀው ለጥንቸል አብልቶ፥ ከጥንቸሏ ደም ቀድቶ፥ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በመቍጠር ነበረ። በ1939 ሃሮልድ ካምቤል የሚባለው የሊንክ ረዳት ንጹሑን ነገር እንደ ጨው ፍሬ ሆኖ አገኘው፤ በ1940 የቅንጅቱ ሥርዓት ታውቆ ያለ ሜሊሎት በቤተ ሙከራ ተሠራ። ስሙንም ዲኩማሮል አሉት። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች ደማቸው በማይገባ ቦታ ለሚረጋባቸው በሽተኞች ይሰጡት ጀመር። የዘር ሊቃውንቱም ሥራ በከንቱ አልቀረም፤ በኋላ ዘመን በካናዳ ፖላራና ኖርጎልድ የሚባሉ ኩማሪን ያነሰባቸው የሜሊሎት ዘሮች ወጥተዋል፥ ሜሊሎትን ለመኖ ወይም ለንብ ለመዝራት የሚያስብ ሰውም እንደነዚህ ያለውን ዘር ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መርዙ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ወደ ዴንማርክ አገር መሻገር ያስፈልጋል። በኮፐንሃገን ከተማ ሄንሪክ ዳም የሚባል መርማሪ በ1929 ስብ የሌለበት መኖ የበሉ ጫጩቶች ደም ሲፈሳቸው አየ። ቀጥሎም በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ደምን ለማርጋት የሚረዳ ቪታሚን መኖሩን ገልጦ በ1935 ቪታሚን ኬ ብሎ ሰየመው፤ ኬ የተባለበትም ምክንያት በዴንማርክና በጀርመን ቋንቋ መርጋት ለማለት የሚጻፈው ቃል በዚህ ፊደል ስለሚጀምር ነው። ስለዚህም ሥራ ዳም ከአሜሪካዊው ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ጉበት ደም የሚያረጉትን ነገሮች ሠርቶ የሚፈጽመው በቪታሚን ኬ ረዳትነት ነው። አንድ ጊዜ የሠራ ቪታሚን እንደ ደነዘ ማጭድ ነው፥ ካልተሳለ ዳግመኛ አያጭድም፤ ዲኩማሮልና ወገኖቹ ሞረዱን ይነጥቁታል። አስቀድሞ ተሠርቶ በደም ውስጥ ያለው ግን እስኪያልቅ ጥቂት ቀን ይቈያልና መርዙን የበላ እንስሳ በዚያው ዕለት አይታመምም። ይህ መዘግየት ወደ ፊት ስለ አይጥ፥ ስለ ሰውና ስለ አዕዋፍ ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1945 ሊንክ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በሕሙማን ማረፊያ ተኝቶ ሳለ ስለ አይጥ ማጥፋት ታሪክ ብዙ አነበበ። ከዚያ በፊት ለአይጥ የሚሰጡት አርሴኒክና ስትሪክኒንን የመሳሰሉ መርዞች ፈጥነው የሚገድሉ ነበሩ። አይጥ ግን ብልህ ናት፤ አዲስ ምግብ ስታገኝ ጥቂት ቀምሳ ትጠብቃለች፥ ካመማትም ሁለተኛ አትመለስበትም። ሊንክ በዘገየ መርዝ ይህን ጥንቃቄዋን ለማሸነፍ አሰበ። ዲኩማሮል ለዚህ ሥራ ደካማ ስለ ሆነ በቤተ ሙከራው ከተሠሩት ዘመዶቹ መካከል 42ኛው ተመረጠ፤ በ1948ም ዋርፋሪን ተብሎ ለገበያ ወጣ። ስሙ የተወሰደው ምርምሩን በገንዘብ ከረዳው ከዊስኮንሲን ተመራቂዎች የምርምር ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ከኩማሪን ቃል መጨረሻ ነው። አይጧ ቀን በቀን እየበላች ትሰነብታለች፥ ሕመሙም ሲመጣባት ከየት እንደ መጣ አታውቅም። ሰው ወይም ውሻ በስሕተት ቢበላው ደግሞ ቪታሚን ኬ ይፈውሰዋል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት መርዞች እንዲህ ያለ ማርከሻ አልነበራቸውም።

ለአይጥ የተሸጠ ነገር ለሰው መድኀኒት ይሆናል ብሎ ማሰብ ለሐኪሞችም ለሕዝብም የሚያስደነግጥ ነበረ። በ1951 አንድ የአሜሪካ ወታደር ነፍሱን ለማጥፋት ብሎ ይህን የአይጥ መርዝ በላ፤ ሳይሞት ወደ ሆስፒታል ደርሶ በቪታሚን ኬና በተሰጠው ደም ፈጽሞ ዳነ። ሐኪሞች የሰው አካል ዋርፋሪንን እንደሚችልና በጊዜው ሊመለስ እንደሚቻል ተረዱ። በ1954 በአሜሪካ ለሰው ተፈቀደ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ ከታዘዙላቸው መድኀኒቶች አንዱ ዋርፋሪን ነበረ።

ደም በቍስል ላይ ሲረጋ ሕይወት ያድናል፤ በልብ ውስጥ ሲረጋ ግን ሕይወት ያጠፋል። የልብ የላይኛው ክፍል ትርታው ሲዛባ ደሙ በአንድ ጥግ ይቆምና ይረጋል፤ የረጋው ቍራጭ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ሰውየው በአንድ ወገኑ ሽባ ይሆናል። የልቡ ክዳን ተበላሽቶ ሰው ሠራሽ የብረት ክዳን የተተካለትም ሰው ደሙ በክዳኑ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን ይወስዳል።

በኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ባክቴሪያ የሚያመጣው የልጆች የጕሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር በአንዳንዶቹ ላይ መጋጠሚያን የሚያሳብጥ ትኵሳት ያስከትላል፤ ያም ትኵሳት ሲመላለስ የልብን ክዳኖች ያበላሻል። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜም የሚይዘው ገና ትምህርት ቤት ያሉትን ልጆችና ጐልማሶችን ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ2009 በአዲስ አበባ የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የተቋቋመው ልባቸው የታመመ ልጆች በአገራቸው እንዲታከሙ ነው። ዋርፋሪን አሮጌ መድኀኒት ስለ ሆነ አዲሱ ይሻላል የሚል አሳብ በብዙ ቦታ ይሰማል። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የሚባለው ምርመራ ግን በአፍሪካ፥ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች የሚኖሩ ከ4500 በላይ በሽተኞችን ተከታትሎ ሌላ ነገር አሳየ። ሕሙማኑ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸውና ትርታቸው የተዛባ ነበሩ፤ ዘወትር የደም ምርመራ የማይጠይቀው አዲሱ ሪቫሮክሳባን ከአሮጌው አያንስም ተብሎ ሲታሰብ፥ በዋርፋሪንና በወገኖቹ የታከሙት ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ሞት ደረሰባቸው። እንግዲህ የሊንክ ጣሳ ሥራው ገና አላለቀም።

ዋርፋሪን በሚዛን የሚሰጥ ነው፤ ሲያንስ ደሙ ይረጋል፥ ሲበዛ ደሙ ይፈሳል። ስለዚህ የበሽተኛው ደም የመርጋት ልክ በየጊዜው ይመረመራል። ቪታሚን ኬ ደግሞ በጎመንና በሌላም አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ብዙ ነው። በፍስክ ሥጋና ወተት ሲበላ የሰነበተ በሽተኛ ጾም ሲገባ ዕለት ዕለት ጎመን ቢበላ የመድኀኒቱ ኀይል ይደክማል፤ ጾሙ ሲፈታ ጎመኑን በአንድ ጊዜ ቢተው ደግሞ መድኀኒቱ ይበረታበታል። ጎመን አይብላ ማለት አይደለም፥ ልኩን በድንገት አይለዋውጥ፥ የሚለዋውጥም ከሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር ማለት ነው። እንደዚሁም አስፕሪንን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ሳያዝዝ መዋጥ ደም ያፈሳል፤ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴትም መድኀኒቱ ፅንስን ሊጐዳ ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ሐኪሟን ማማከር አለባት፥ በራሷ ፈቃድ ግን አታቋርጠው። ከወረዳው ርቆ የሚኖር በሽተኛ ለአንድ የደም ምርመራ ስንት ቀን እንደሚጓዝ የሚያውቅ ሹም፥ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ይህን ምርመራ እንዲያደርግ ቢጥርለት የሰውን ሕይወት አስረዘመ ማለት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ጎተራ ይመለሳል። ዋርፋሪን ለአይጥ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1958፥ በስኮትላንድ አገር መርዙን በልተው የማይሞቱ አይጦች ተገኙ። ቪታሚን ኬን የሚያድሰው ነገር በውርስ ተለውጦባቸው ዋርፋሪን እንዳይዘው ሆኖ ነበርና፥ ሌሎቹ ሲያልቁ እነርሱ ተርፈው ተዋለዱ፤ የዚህም ውርስ ምሥጢር በሊቃውንት እጅ ተገልጦ የታወቀው በ2004 ነው። መርዝ አምራቾቹ በ1970ዎቹ ይልቅ የበረቱትን ወገኖቹን፥ ዲፈናኩምን፥ ብሮማዲዮሎንንና ብሮዲፋኩምን አወጡ። ከነዚህ ከብሮዲፋኩም አንድ ጊዜ መብላት አይጥን ለመግደል ይበቃል። ነገር ግን ዋርፋሪን ከአካል ውስጥ ፈጥኖ ሲወጣ እነዚህ በጉበት ተቀምጠው ወራት ይቈያሉ።

ያ መዘግየት እዚህ ላይ ጠንቅ ሆነ። አይጧ የሚገድላትን ከበላች በኋላ ብዙ ቀን ስለምትኖር መርዙን በጉበቷ እያከማቸች መብላቷን ትቀጥላለች፤ ስትደክምም እርምጃዋ ይዘገያል፥ በቀንም ከጉድጓዷ ትወጣለች። ጉጉት፥ ጭልፊት፥ ሸለምጥማጥ፥ ድመት የሚይዘው ይህችን የደከመችውን ነው። አንዲት አይጥ ላትገድለው ትችላለች፤ መርዙ ግን ከጉበቱ ቶሎ ስለማይወጣ የሁለተኛይቱና የሦስተኛይቱ በላዩ ይደመርበታል። በብሪታንያ በየዓመቱ ሞተው የሚገኙት የጎተራ ጉጉቶች ጉበት ሲመረመር በቅርብ ዓመታት ከ10ሩ ከ7 በሚበልጡት ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቷል፤ ሁሉም በእርሱ ሞቱ ማለት አይደለም፥ ነገር ግን መርዙ ከጎተራ ወጥቶ በሜዳው ሁሉ መሰራጨቱን ያስረዳል። በማሌዥያ የፓልም ዘይት እርሻዎች አይጥ የሚበሉላቸው ጉጉቶች ብሮዲፋኩም በገባበት ቦታ ቍጥራቸው ወረደ፤ ገበሬው ያለ ደመወዝ የሚያገለግለውን ዘበኛ በገዛ ገንዘቡ ገደለ። በኒው ዮርክ ከተማ ፍላኮ የሚባል ታላቅ ጉጉት በየካቲት 2023 ከአራዊት ማቈያ አምልጦ አንድ ዓመት በከተማው ሲኖር ሕዝብ እጅግ ወዶት ነበረ፤ በየካቲት 2024 ከሕንጻ ጋር ተጋጭቶ መውደቁ ከታወቀ በኋላ ሬሳው ሲመረመር ከርግቦች የያዘው በሽታና አራት ዓይነት የአይጥ መርዝ ተገኘበት። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በበረቱት መርዞች መጠቀምን በብዙው ከልክሏል።

ከመርዝ ሌላ መንገድ ያለ መሆኑን የሚያሳይ ሥራ በእስራኤል አገር አለ። በ1983 በስዴ ኤሊያሁ የእርሻ መንደር በማሳ ዳር ለጎተራ ጉጉት የእንጨት ጎጆዎች ተተከሉ። አንድ ጥንድ ጉጉት ከነጫጩቶቹ በዓመት ከ2000 በላይ አይጥ እንደሚበላ ይገመታል። ሥራው እየሰፋ ሄዶ ጎጆዎቹ በሺሕ ተቈጠሩ፤ ጉጉትን መጥፎ ገድ አድርገው ይፈሯት ወደ ነበሩት ወደ ዮርዳኖስ ገበሬዎችም ተሻገረ። ጉጉት ብቻዋን አይጥን ፈጽማ ታጠፋለች ብሎ መናገር ግን ማጋነን ይሆናል፤ አይጥ እንደ አሸዋ በበዛበት ዓመት አትበቃም። የምትጠቅመው በየዓመቱ ሳታቋርጥ ስለምትሠራ ነው።

የጎተራ ጉጉት በኢትዮጵያም ትኖራለች። ሌሊት በቤት ጣራ ላይ ስትጮኽ ሞት ጠራች እየተባለ በድንጋይ ትወገራለች፤ ሞት የምትጠራው ግን ለአይጥ ነው። ከእርሷም ይልቅ የሚያሳስበው የቀይ ቀበሮ ነገር ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኝም፤ በባሌ፥ በሰሜንና በሌሎችም ጥቂት ተራሮች ተለያይቶ የቀረው በጠቅላላው 500 ያህል ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። እስከ ዛሬ የጐዱት የውሻ እብደት በሽታና ወደ ተራራው እየወጣ የሚሄደው እርሻ ናቸው፤ በእነዚያ ደጋዎች ገብስ አይጥ በላው ተብሎ የበረታው መርዝ በማሳ ላይ ቢበተን ሦስተኛ ጠላት ይጨመርበታል። በነዚህ ተራሮች አጠገብ ያሉት የወረዳ ሹማምንት እንዲህ ያለውን መርዝ በሜዳ ከመበተን ሊከለክሉ ይገባል።

መርዝ ፈጽሞ አይገዛ ማለት አይቻልም፥ አይጥ የሚያጠፋው እህል የሰው ቀለብ ነውና። ዳሩ ግን አስቀድሞ ጎተራው ይታይ። ጎተራ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ቢቆም፥ በእግሮቹም ላይ እንደ ተደፋ መቅጃ ያለ ቆርቆሮ ቢታሰር፥ ከዛፍና ከግድግዳ ቢርቅ፥ በዙሪያውም ያለው ሣርና ገለባ ቢጠረግ፥ ብዙ መርዝ ማስቀረት ይቻላል። ይህም ሁሉ ተደርጎ መርዝ የግድ ካስፈለገ፥ ዶሮና ሕፃን በማይደርሱበት በተከደነ ሣጥን ውስጥ ለተወሰነ ቀን ብቻ ይቀመጥ፤ ዓመቱን ሙሉ በማሳ ዳር አይተው። የሞቱት አይጦች ጧት ጧት ተለቅመው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ፥ ወደ ሜዳ አይጣሉ።

መርዙ ከሱቅ ተከፋፍሎ ስም በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ እንዳይሸጥ ሹሙ ሊቈጣጠር ይገባል። ሕፃን ልጅ ቢበላው ደም እስኪፈሰው ሳይጠበቅ፥ ደኅና ቢመስልም በዚያው ዕለት ከነሣጥኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ሣጥኑ አብሮ መሄድ ያለበት ማርከሻው ስለሚለያይ ነው። በዋርፋሪን ለተመረዘ ቪታሚን ኬ ለጥቂት ጊዜ ይበቃዋል፤ በብሮዲፋኩም ብዙ ለተመረዘ ግን ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይሰጠዋል። ሐኪሙ ይህን የሚለየው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቦ ነው።